የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎችና የሠራተኛው ቤተሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን ስለ ማሽኖቹና ስለ ፈጣሪዎቻቸው ነው። ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ስለሚውለው ቤተሰብ ብዙ አይወራም። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ስለዚያ ቤተሰብ ናቸው። አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ዘመኑ ደግሞ በግምት ከ1770 እስከ 1850። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን እኛ በምንቆጥረው መንገድ አስቀምጬዋለሁ።

ሰው ከገጠር ወደ ፋብሪካ የሄደው ወዶ ነው ወይስ ተገዶ?

ሁለቱም አለበት። ፋብሪካ ከእርሻ የቀን ሥራ የተሻለ ስለሚከፍል ወዶ የሄደ ብዙ ነው። ከኋላ የሚገፋ ነገርም ነበር። ከ1750 ወዲህ ባለው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ ከ4,000 በላይ ሕጎች አውጥቶ የወል መሬት እየታጠረ የግለሰብ እንዲሆን ፈቅዷል። የራሱ መሬት የሌለው ገበሬ አንዲት ላሙን የሚያግጠው፣ ማገዶ የሚለቅመው እዚያ የወል መሬት ላይ ነበር። ያ ሲዘጋበት የቀረው ጉልበቱን መሸጥ ብቻ ሆነ።

ሌላም ግፊት አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ጥጥና ሱፍ መፍተል እቤት የሚሠራ የሴቶች ሥራ ነበር። እናት ልጅ እያጠባች፣ ድስት ጥዳ ትፈትላለች፤ የምታገኘው ሳንቲም ለቤቱ ትልቅ ድጎማ ነው። ሪቻርድ አርክራይት በ1769 በውሃ ኃይል ለሚዞር መፍተያ ማሽን የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1771 ደግሞ ክሮምፎርድ በሚባል የደርቢሸር መንደር ፋብሪካውን አቆመ። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚፈተል ክር ዋጋው እየወደቀ ሄደ። የእናት ገቢ ሲጠፋ ቤቱ ጎደለ። ጉድለቱን ለመሙላት ልጅ ወደ ፋብሪካ ተላከ።

ልጆችን ለምን ፈለጓቸው? ምን ይሠሩ ነበር?

በርካሽ ስለሚገኙ ነው፤ በዚያ ላይ ትንንሽ ናቸው፣ አይከራከሩም። በጥጥ ፋብሪካ አንዱ የልጅ ሥራ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። ማሽኑ ወዲያ ወዲህ ሲል ልጁ አብሮት እየሮጠ የተበጠሰውን በጣቱ አሽቶ ያያይዛል። ከሁሉም ትንሹ ልጅ ደግሞ ማሽኑ ሥር ገብቶ የወደቀ ጥጥና ብናኝ ይጠርጋል። ይህን የሚያደርገው ማሽኑ እየሠራ ነው። ቀና ያለ ጭንቅላቱን፣ የዘገየ እጁን ያጣል።

መጀመሪያ ላይ ፋብሪካዎቹ የሚተከሉት ወንዝ ባለበት፣ ራቅ ያለ ሸለቆ ውስጥ ነበር። እዚያ ሠራተኛ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ባለፋብሪካዎቹ የለንደን አጥቢያዎች በድሆች ማደሪያ ያኖሯቸው የነበሩትን ወላጅ አልባ ሕፃናት በጋሪ እያስጫኑ ወሰዱ። አጥቢያውም ከቀለብ ወጪ ስለተገላገለ ደስ ብሎት ሰጠ። ሮበርት ብሊንኮ ከነዚህ አንዱ ነው። በ1799፣ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከለንደን ወደ ኖቲንግሃም አካባቢ ተላከ። ሕይወቱ በኋላ ታትሞ ስለወጣ ታሪኩን በደንብ እናውቀዋለን። ከመሄዳቸው በፊት የተጠበሰ የበሬ ሥጋ እንደሚበሉ፣ በጌታቸው ፈረስ እንደሚጋልቡ ተነግሯቸው ነበር። እዚያ ሲደርሱ የጠበቃቸው ገንፎና ጥቁር ዳቦ ነው። ልጆቹ አምነው እየጨፈሩ እንደሄዱ ሳስብ ከድብደባው ይልቅ ያ ውሸት ያንገበግበኛል።

ወላጆችስ እንዴት ጨከኑ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይጠየቃል። መልሱን ከአንድ አባት አፍ መስማት ይሻላል።

በ1832 የፓርላማ አባሉ ማይክል ሳድለር የሚመራው ኮሚቴ ስለ ፋብሪካ ልጆች ምስክር ሰማ። ከቀረቡት አንዱ ሳሙኤል ኮልሰን ነው፤ ልጆቹ ዮርክሸር ውስጥ ፋብሪካ ይሠራሉ። ሥራ በሚበዛበት ወቅት፣ ለስድስት ሳምንት ያህል፣ ሴቶች ልጆቹ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገብተው ከምሽቱ 4 ሰዓት ወይም 4 ተኩል ገደማ ይወጡ እንደነበር ተናገረ። እረፍቱ ለቁርስ ሩብ ሰዓት፣ ለምሳ ግማሽ ሰዓት፣ ለመጠጥ ሩብ ሰዓት ነው። ከዚያችም ላይ ማሽን ማጽጃ ይወሰድባቸዋል።

እቤት ሲደርሱ ትንሽ ቀምሰው ሲተኙ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። እሱ ወይም ሚስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስተው ያለብሷቸዋል። አንዳንዴ እናትየው ሰዓቱ እንዳያልፍባቸው ፈርታ ሳትተኛ ታነጋለች። ልጆቹን እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ከአልጋ አውርደው፣ ወለሉ ላይ አቁመው እየነቀነቁ ነው የሚያለብሷቸው።

ክፍያውስ? በተለመደው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሠርተው እያንዳንዳቸው በሳምንት 3 ሽሊንግ ያገኙ ነበር። በዚያ በበዛው ወቅት ያገኙት 3 ሽሊንግ ከ7 ፔንስ ተኩል ነው። አንድ ሽሊንግ 12 ፔንስ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ገብሮ የመጣው ጭማሪ ከአንድ ሽሊንግ በታች ነበር ማለት ነው።

ትልቋ ልጅ ሥራ በጀመረች በአምስት ሳምንቷ የማሽኑ ጥርስ ጠቋሚ ጣቷን ይዞ ቆረጠው። አምስት ሳምንት ሊድስ ሆስፒታል ተኛች። ደሞዟ ይከፈል ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አደጋው እንደደረሰ ደሞዙ ወዲያው ተቋረጠ ብሎ መለሰ።

ይህ ሰው ጨካኝ አይደለም። ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። ልጆቹ ባይሄዱ የሚበላ የለም። ሰዓቱን እንዳይቃወም ደግሞ ቦታቸውን የሚፈልግ ሌላ ልጅ በር ላይ ቆሟል። ወላጅን የሚወቅስ ሰው እሱ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ባለፋብሪካዎቹ የሳድለር ኮሚቴ አንድ ወገን ብቻ ሰምቷል ብለው ተቃወሙ። ሌላ መርማሪ ኮሚሽንም ተላከ። እሱም ቢሆን ያገኘው ነገር በዓመቱ፣ በ1833፣ ሕግ ለማውጣት የሚበቃ ነበር።

ፋብሪካ ውስጥ ቀኑ እንዴት ይውላል?

በደወል ይጀመራል፣ በደወል ያልቃል። ገበሬ የለመደው ፀሐይን፣ ዝናብንና የበዓል ቀንን ነው። ፋብሪካው ደግሞ ደቂቃ ይቆጥራል። በብዙ ቦታ ሠራተኛ የራሱን ሰዓት ይዞ እንዲገባ አይወደድም ነበር፤ ምክንያቱም የፋብሪካው ሰዓት ጠዋት ወደፊት፣ ማታ ወደኋላ ይገፋል የሚል ክስ በየጊዜው ይነሳ ነበር።

በ1823 ማንችስተር አጠገብ ቲልድስሊ የነበሩ ፈታዮች ሥራ ሲያቆሙ የቅጣቱን ዝርዝር አሳተሙት። መስኮት ከፍቶ የተገኘ 1 ሽሊንግ። ቆሽሾ የተገኘ 1 ሽሊንግ። ሲታጠብ የተገኘም 1 ሽሊንግ። ሲያፏጭ የተሰማ 1 ሽሊንግ። ታሞ የቀረና ምትክ ያላገኘ ደግሞ ማሽኑን ለሚያዞረውና ለባከነው እንፋሎት በቀን 6 ሽሊንግ ይከፍላል። ክፍሉ ክሩ እንዳይበጠስ ሆን ተብሎ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል። መስኮት መክፈት የሚያስቀጣው በዚያ ሙቀት ውስጥ ነው።

ኤሊዛቤት ቤንትሊ የምትባል የሊድስ ሴት በስድስት ዓመቷ የተልባ እግር ክር ፋብሪካ ገባች። ምሳ 40 ደቂቃ ነው፤ ለቁርስ የተለየ ጊዜ የለም። ሳይበሉት የቀረውን ምግብ ካቦው ወስዶ ለአሳማዎቹ ይሰጠው እንደነበር ለኮሚቴው ተናግራለች።

ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። የላንካሸር ሸማኔ ሴቶች ከንፈር እያነበቡ ማውራት ለምደው ነበር። የጥጡ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ በሽታው ዓመታት ቆይቶ ነው የሚታወቀው።

ከሰል ማዕድን ውስጥም ልጆች ነበሩ?

ነበሩ፤ ከመሬት በታች። አንዱ ሥራ በር መጠበቅ ነው። የጉድጓዱ አየር እንዲዘዋወር በሮቹ ተዘግተው መቆየት አለባቸው። የከሰል ጋሪ ሲመጣ ልጁ ገመድ ስቦ ይከፍታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል። ሥራው ቀላል ይመስላል።

በ1842 በወጣው የመንግሥት ኮሚሽን ሪፖርት ውስጥ የ8 ዓመቷ ሳራ ጉደር ቃል አለ። ሥራው አያደክመኝም ትላለች፤ ግን መብራት የለኝም፣ እፈራለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ አንዳንዴም 9 ተኩል ትገባለች፤ የምትወጣው ከቀኑ 11 ሰዓት ወይም 11 ተኩል ነው። ብርሃን ሲኖር አንዳንዴ እዘፍናለሁ፣ በጨለማ ግን አልደፍርም ብላለች። ይህን ያነበበ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም። አንጀት ይበላል።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1838፣ ሲልክስቶን አጠገብ ባለ ጉድጓድ ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ጎርፍ ገባ፤ 26 ልጆች ሞቱ። ትንሹ 7 ዓመቱ ነበር። የ1842ቱ ሕግ ሴቶችን በሙሉና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶችን ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ። ሴቶቹ ምትክ ሥራ ስላልተሰጣቸው ሕጉ እንጀራ ያሳጣቸውም ነበሩ። ይህንንም ሳይናገሩ ማለፍ ልክ አይደለም።

ጨቅላ ያላት እናትስ?

የወሊድ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ብዙዎቹ ከወለዱ በኋላ በጥቂት ሳምንት ይመለሳሉ፤ ያለዚያ ቦታው ይሄዳል። ሕፃኑ አንዲት አሮጊት ወይም የ7፣ የ8 ዓመት ልጅ ጋ ይቀመጣል። ልጆቹ ብዙ ሲሆኑ ጠባቂዋ የምትደርስላቸው ከፋርማሲ በምትገዛው ሽሮፕ ነው። የታወቀው «የጎድፍሬይ ኮርዲያል» ይባላል። ውስጡ ኦፒየም የሚባል የሚያደነዝዝ ዕፅ ነበረበት። ሕፃኑ ይተኛል፣ አያለቅስም፣ አይጠባም። እየመነመነ ሄዶ የሚሞተው ብዙ ነበር። ሐኪሞች ሞቱን በረሃብ ወይም በድካም ስለሚመዘግቡት መድኃኒቱ ስንቱን እንደገደለ በትክክል መቁጠር አይቻልም።

ሰፈሩና ቤቱ ምን ይመስላል?

ማንችስተር በ1801 ወደ 75,000 ሰው ነበራት። በ1851 ከ300,000 አለፈች። ከተማ በዚህ ፍጥነት ሲያድግ ቤት ሠሪው የሚያስበው ስለ ኪራይ ብቻ ነው። ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ተሠሩ፤ በአንድ በኩል ብቻ መስኮት አላቸው። ምድር ቤት የሚኖረው ሰው ብዙ ነበር፤ በተለይ ሊቨርፑል ውስጥ በአሥር ሺዎች ይቆጠር ነበር። አንድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ፣ ውሃ ደግሞ ከቦኖ፣ እሱም በሰዓት ነው። ኮሌራ በ1831 እና 1832 ሲገባ ብሪታንያ ውስጥ ወደ 32,000 ሰው ገደለ።

የድሆች እርዳታን የሚመራው ኮሚሽን ጸሐፊ የነበረው ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ባወጣው ሪፖርት የሞቱ ሰዎችን አማካይ ዕድሜ በየመደቡ አስቀምጧል። ማንችስተር ውስጥ ባለሀብትና የተማረው ክፍል 38፣ ነጋዴው 20፣ ሠራተኛው 17። ራትላንድ በሚባለው የገጠር አውራጃ ደግሞ በቅደም ተከተል 52፣ 41 እና 38። የገጠሩ ድሃ ከማንችስተር ሀብታም እኩል ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። 17 ማለት ሠራተኛው ሁሉ በ17 ዓመቱ ይሞታል ማለት አይደለም። ቁጥሩን ያወረደው የሕፃናት ሞት ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት የሠራተኛ ልጆች ስለበዙ አማካዩ ወደ ታች ተጎተተ። ያን ቁጥር ወደ ቤት ስታመጡት አብዛኛው እናት ልጅ ቀብራለች ማለት ነው።

የእጅ ሸማኔዎች ምን ሆኑ?

መጀመሪያ ተጠቀሙ። ክር በማሽን ርካሽ ሲሆን የሚሸምን ሰው ተፈለገ፤ ደሞዛቸውም ጥሩ ነበር። በ1820 ገደማ ቁጥራቸው ወደ 240,000 ደርሶ ነበር። ከዚያ የሽመና ማሽን መጣ። በሳምንት ከ20 ሽሊንግ በላይ ያገኝ የነበረ ሸማኔ ከ10 በታች ወረደ። ሙያውን ከአባቱ የወረሰ፣ እቤቱ በራሱ ሰዓት የሚሠራ ሰው ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካ ከመግባት መራብን መረጡ። የገቡት ልጆቻቸው ናቸው።

በ1811 ከኖቲንግሃም ጀምሮ ማሽን የሚሰብሩ ሰዎች ተነሱ፤ ሉዳይቶች ይባላሉ። በ1812 ማሽን መስበር በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ፤ በጥር 1813 ዮርክ ውስጥ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። ብዙ ሰው «ሥልጣኔ ጠሎች» ይላቸዋል። እኔ አልስማማም። የማሽኑ ጥቅም ለማን እንደሚሄድ ነበር ጥያቄያቸው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ሠራተኛ መደራጀቱ ራሱ ወንጀል ነው፤ እገዳው የተነሳው በ1824 ነው። ድምፅ መስጠትም አይችሉም ነበር።

ግን ደሞዝ ጨምሯል አይደል?

ውሎ አድሮ አዎ። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ሮበርት አለን ባሰላው መሠረት ከ1780 እስከ 1840 አንድ ሠራተኛ የሚያመርተው በ46 በመቶ አድጓል። የኑሮ ውድነት ተቀንሶ የሚቀረው እውነተኛ ደሞዝ ያደገው በ12 በመቶ ነው። 60 ዓመት ሁለት ትውልድ ነው። ተመራማሪዎች ስለ ቁጥሮቹ አሁንም ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ ኑሮው ከዚያ ቀደም ብሎ ተሻሽሏል ይላሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ከደሞዝ ውጭ ያለው ምልክት ነው። በ1830ዎቹና 40ዎቹ የተወለዱ ወታደሮች ቁመት ከነሱ በፊት ከነበሩት አጥሯል። ልጅ የሚያጥረው በልቶ ካላደረ፣ ታሞ ከከረመና ከአቅሙ በላይ ከሠራ ነው። ደሞዝ ደብተር ላይ የማይታየው ወጪ አጥንት ላይ ይታያል።

ሥራ ያጣ ቤተሰብ የት ይወድቃል?

ከ1834 በኋላ እርዳታ የሚፈልግ ሰው ወደ ድሆች ማደሪያ እንዲገባ ተደረገ። እዚያ ባል ለብቻ፣ ሚስት ለብቻ፣ ልጆች ለብቻ ይኖራሉ። ኑሮው ሆን ተብሎ ከውጭው የከፋ ተደረገ። ሰው የተሰጠውን ደሞዝ ሁሉ እንዲቀበል ያደረገው አንዱ ይህ ፍርሃት ነው።

ማን አሻሻለው?

ብዙ እጅ አለበት፤ ጊዜም ፈጅቷል። የ1802 ሕግ የአጥቢያ ልጆችን ሥራ በቀን 12 ሰዓት ገደበ፤ በተግባር የሚቆጣጠር ግን አልነበረም። በ1819 ከ9 ዓመት በታች በጥጥ ፋብሪካ እንዳይሠራ ተባለ፤ አሁንም ተቆጣጣሪ የለም። በ1830 ሪቻርድ ኦስትለር የዮርክሸር ፋብሪካ ልጆችን ኑሮ ባርነት ብሎ በጋዜጣ ጻፈ፤ አገር ተንጫጫ። የ1833 ሕግ ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉት ሥራውን በቀን 9 ሰዓት ገደበ፤ በቀን ሁለት ሰዓትም ትምህርት አዘዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣጣሪ ተሾመ፤ ለመላ አገሩ አራት ሰው። የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ስለሆነ የልጅ ዕድሜ በሐኪም ግምት፣ ቁመትና ጥርስ እየታየ ነበር የሚወሰነው። ማጭበርበሩ ቀላል ነው።

በ1847 የሴቶችና የወጣቶች ሥራ በቀን 10 ሰዓት ሆነ። ሕጉን ፓርላማ ያቀረበው ጆን ፊልደን ራሱ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ነበር፤ በልጅነቱ በአባቱ ፋብሪካ ሠርቷል። በ1850 ደግሞ ቅዳሜ ሥራ ከቀኑ 8 ሰዓት እንዲያበቃ ተደረገ። ከሕጎቹ ጀርባ ለዓመታት ሰልፍ የወጡ፣ ፊርማ ያሰባሰቡ፣ ከሥራ የተባረሩ ሠራተኞች አሉ። ነሐሴ 16 ቀን 1819 ማንችስተር ውስጥ ለድምፅ መብት የተሰበሰበ ወደ 60,000 ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ወታደር ተለቆ ሰው ሞቷል። ስለዚህ «ገበያው ራሱ አስተካከለው» የሚለው ታሪክ ከሰነዱ ጋር አይገጥምም።

አገር ለማደግ ይህ ዋጋ የግድ መከፈል ነበረበት?

አይመስለኝም። የ10 ሰዓት ሕግ ሲመጣ ኢንዱስትሪው ይወድቃል የሚል ብዙ ነበር። አልወደቀም። ማንችስተር ከዚያ በኋላም አደገች። የማሽኑ ጥርስ መከለያ እንዲደረግለት የታዘዘው በ1844 ነው። መከለያ ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ በ1771ም መሥራት ይቻል ነበር። የኮልሰን ልጅ ጣቷን ያጣችው ሰው ስላልገደደው ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ላይ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ለአዋቂ መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ።

ደሞዝን በተመለከተ አዋጁ ዝቅተኛ ወለል በቁጥር አላስቀመጠም፤ በሚቋቋም ቦርድ እንዲወሰን ነው የሚለው። በ2019 በወጣ ጥናት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራዩ ነበር። ፓርኩ ሲታቀድ ሼዱ፣ መንገዱና መብራቱ በደንብ ታስቦበት ነበር። የሠራተኛዋ ማደሪያ ግን ለከተማው የኪራይ ገበያ ተተወ። የኪራይ ቤት፣ የሕፃናት ማቆያና የደሞዝ ወለል ከፋብሪካው ጋር አብረው ሊታቀዱ ይገባል።